«እንደ ልብህ ተጫወት» ብቻ አይበቃም፦ ስለ ሃርፕ አጻጻፍ ግልጽ ደብዳቤ

ለኦርኬስትራ ለምትጽፉ አቀናባሪዎች፣ ለአሬንጀሮች እና ለቅንብር መምህራን

ጉዳዩ፦ በስኮር (የመላው ኦርኬስትራ ኖታ) ላይ ለሃርፕ ተጫዋች ፈጠራ ስለሚተዉ ቦታዎች አጻጻፍ

በእጃችን በሚገቡ የሃርፕ ፓርቶች (ለሃርፕ ተጫዋቹ ለብቻው የሚወጡ ኖታዎች) ላይ ከሁሉ የሚበዛው ጉድለት አንድ ነው። አቀናባሪው ለጥቂት ባር ሃርፑ በነጻነት እንዲፈስስ ይፈልግና ከባሮቹ በላይ «ኢምፕሮቫይዝ» ወይም «ነጻ ግሊሳንዶ» (አውታሮቹን በተከታታይ መጥረግ) ብሎ ይጽፋል፤ ከሥሩ ጠመዝማዛ መስመር ያሰምራል፤ ያልፋል። ለፒያኒስት ይህ ይበቃው ይሆናል። በባለ ፔዳል ሃርፕ ላይ ግን እጅ አውታር ከመንካቱ በፊት እግር ሰባት ነገር ወስኖ መጨረስ አለበት። ያ ውሳኔ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ተጫዋቹ የእናንተን ሐሳብ ወደ መገመት ይገባል፤ ለሙዚቃው የተያዘው የልምምድ ሰዓትም በጥያቄና መልስ ያልቃል።

ነጻነቱን ንፈጉን እያልን አይደለም። የታሰረውን እሰሩልን፤ የተፈታውን ፍቱልን፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ከወረቀቱ ይታይ።

መሣሪያውን በአጭሩ። ድምፆቹን እዚህ በዶ ሬ ሚ እንጠራቸዋለን። የኦርኬስትራ ሃርፕ 47 አውታር አለው፤ ከወፍራሙ ዶ እስከ ቀጭኑ ሶል ስድስት ኦክታቭ ተኩል ገደማ ይሸፍናል። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ያለው ሰባት አውታር ብቻ ነው። ሰባቱ ፔዳሎች እያንዳንዳቸው በአንድ ስም የሚጠሩትን አውታሮች፣ ከዳር ካሉ ጥቂቶች በቀር፣ ከላይ እስከ ታች ባንዴ ይለውጣሉ፦ ፔዳሉ ወደ ላይ ሲነሣ ፍላት (ግማሽ ቶን ዝቅ ያለ)፣ መሃል ላይ ሲቆም ናቹራል (ያልተለወጠ)፣ ወደ ታች ሲረገጥ ሻርፕ (ግማሽ ቶን ከፍ ያለ)። የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪው ሴባስቲያን ኤራር በ1810 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ በመሠረቱ ያው ነው። ግራ እግር ሬን፣ ዶን እና ሲን ይይዛል፤ ቀኝ እግር ሚን፣ ፋን፣ ሶልን እና ላን።

ስለዚህ በላይኛው ኦክታቭ ዶ ሻርፕ፣ በታችኛው ዶ ናቹራል ብሎ ነገር የለም። «ከእነዚህ ድምፆች መርጠህ ተጫወት» ብላችሁ ዶን እና ዶ ሻርፕን ጎን ለጎን ከጻፋችሁ፣ ተጫዋቹ ሁለተኛውን ሬ ፍላት አድርጎ በእርሳስ ማረም አለበት። ሬ አውታር በሌላ ሥራ ከተያዘ ደግሞ ማረሚያም የለውም።

ደጋግሞ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «የዶ ሜጀር ኮርድ ብቻ በግሊሳንዶ ይሙላ።» አይቻልም። የሬ አውታር የሚሄደው ከሬ ፍላት እስከ ሬ ሻርፕ ነው፤ ዶም ሚም መሆን አይችልም። ላም ቢበዛ ላ ፍላት ድረስ ነው የሚወርደው፤ ሶልን አይደርስበትም። ነገሩ የዶ ሜጀር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሃርፕ ላይ አንድ ድምፅ ቢበዛ በሁለት አውታር ይገኛል፤ ሦስት ድምፅ ያለው ኮርድ እንግዲህ ቢበዛ ስድስት አውታር ይሸፍናል። አውታሩ ግን ሰባት ነው። አንዱ ሁልጊዜ ባዕድ ድምፅ ይዞ ይቀራል። ሜጀር ይሁን ማይነር፣ በየትኛውም ቁልፍ ባለ ሦስት ድምፅ ግሊሳንዶ የለም። አራት ድምፅ ሲሆን ግን በሩ ይከፈታል፦ ሬ ሻርፕ፣ ዶ ናቹራል፣ ሲ ሻርፕ፤ ሚ ፍላት፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቹራል ብታደርጉ ከዶ የሚነሣ ዲሚኒሽድ ሰቨንዝ (ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ያለ አንዳች ባዕድ ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ይፈስሳል። ይህ ኮርድ በድሮ ፊልሞች ውስጥ የሕልም ትዕይንት መግቢያ ሆኖ ቢሰለችም፣ የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፦ ሬ ናቹራል፣ ሶል ናቹራል እና ላ ናቹራል በአንድ አውታር ላይ ብቻ ነው የሚገኙት። ሌሎቹ ዘጠኙ ድምፆች ሁለት ሁለት አውታር አላቸው። አንድን ድምፅ በሁለት አውታር እያፈራረቁ በፍጥነት ማንሾካሾክ፣ ቢዝቢልያንዶ የሚባለው፣ በእነዚያ ሦስት ድምፆች አይሠራም። ተጫዋቹ ያንኑ አውታር ደጋግሞ ለመንካት ይገደዳል፤ እያንዳንዱ አዲስ ንክኪ የቀደመውን ድምፅ ስለሚገድለው የሚወጣው ደረቅ ኩርኩር ይሆናል።

በአገራችን ቅኝቶች ለምትጽፉ እዚህ ላይ ሰፊ ዕድል አለ፤ እስካሁን ብዙም አልተጠቀማችሁበትም። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት በሰባት አውታር ላይ ሲደለደል ሁለቱ ድምፆች ተደጋግመው ይወጣሉ፤ ግሊሳንዶውን የሚያንጸባርቀው ያ ድግግሞሽ ነው። ከዶ ለሚነሣ ትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ፋን ወደ ፍላት አንሥቶ ከሚ ጋር፣ ሲን ወደ ሻርፕ ረግጦ ከዶ ጋር ማገናኘት ይበቃል፤ የቀሩት አምስቱ ናቹራል ናቸው። ከዶ የሚነሣ አምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) እንዲህ ይቆማል፦ ሬ ፍላት፣ ዶ ናቹራል፣ ሲ ሻርፕ፤ ሚ ሻርፕ፣ ፋ ናቹራል፣ ሶል ናቹራል፣ ላ ፍላት። አሁን የሶልን ፔዳል ብቻ ወደ ፍላት አንሡ፤ ከሬ ፍላት የሚነሣ ባቲ ሜጀር ሆነ። ከዚያ ላን ወደ ናቹራል ብትረግጡት ከዶ የሚነሣ አንቺ ሆዬ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ይሆናል። ሦስት ቅኝት፣ ሁለት የቀኝ እግር እርምጃ። እጅ ከአውታሩ ሳይነሣ በአንድ ፍሰት ውስጥ ማለፍ ይቻላል።

ከዶ የሚነሣ ባቲ ሜጀር (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ግን በግሊሳንዶ አይሆንም። ሬ እና ላ አውታሮች የሚጠጉበት ድምፅ የላቸውም። ሙዚቃው ግማሽ ቶን ከፍ ማለት ከቻለ ችግሩ ያኔውኑ ይፈታል፤ ካልቻለ ግሊሳንዶውን ተዉትና ድምፆቹ በጣት የሚለቀሙ አድርጓቸው።

ይህ ሁሉ በፒያኖ ቃና የተጠጋጋ ነው። ክራር ወይም ማሲንቆ ተጫዋች አንቺ ሆዬን ሲቃኝ የሚያገኘው ርቀት ከዚህ ይለያል። ሃርፑን ወደዚያ ለማስጠጋት ከዝግጅቱ በፊት የተወሰኑ አውታሮችን በመቃኛ ቁልፍ ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ያ አውታር በሦስቱም የፔዳል ቦታዎች ላይ በዚያው መጠን እንደተዛባ ይቆያል፤ ሌላው ሙቭመንት ላይም ይከተላችኋል። በመሃል ለመመለስ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ዙሪያውም ጸጥታ ይፈልጋል። አሳባችሁ ይህ ከሆነ በፓርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የትኛው አውታር፣ በየትኛው ኦክታቭ፣ ምን ያህል እንደሚቃኝ ጻፉ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የፔዳል አቀማመጥ በሥዕል ይጻፋል፦ አንድ አግድም መስመር፣ በላዩ ሰባት አጫጭር ቋሚ ጭረቶች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ግራና ቀኝ እግርን የሚለይ ረዘም ያለ ጭረት። ከመስመሩ በላይ ያለ ጭረት ፍላት፣ መሃል ላይ ያለ ናቹራል፣ ከሥር ያለ ሻርፕ ነው። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ሬ፣ ዶ፣ ሲ፤ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ነው። በዶ ሬ ሚ ተራ አትደርድሩት፤ ዓይን የሚያነበው እግር በሚያውቀው ተራ ነው። ሥዕሉ ከነጻው ቦታ አንድ ወይም ሁለት ባር ቀድሞ ይቀመጥ፤ በአንድ እግር የሚለወጡ ሁለት ፔዳሎች ተራ በተራ ነው የሚሄዱትና።

ግሊሳንዶ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ሰባት ድምፆች በትናንሽ ኖታ ጻፉ፤ ከዚያ መስመር አስምራችሁ የመድረሻውን ድምፅ ብቻ አስቀምጡ። የአራት ኦክታቭ ግሊሳንዶን 28 ድምፅ ሁሉ መጻፍ ገጽ ከማጨናነቅ በቀር ጥቅም የለውም። ፍጥነቱን ግን አስሉት። አራት ኦክታቭ ማለት 28 አውታር ነው፤ በደቂቃ 60 ምት በሆነ ቴምፖ በአራት ምት ቢዘረጋ በሰከንድ ሰባት አውታር ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ይሰማል። ያው በአንድ ምት ቢጠቀለል አንድ ወጥ ፍሰት ብቻ ይሆናል። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ቀለማት ናቸው፤ «ነጻ ግሊሳንዶ» የሚለው ጽሑፍ የትኛውን እንደሆነ አይናገርም።

ለሰፊው ፈጠራ የሚሻለው ሳጥን ነው፦ ተጫዋቹ የሚመርጥባቸው ድምፆች በአራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ ይጻፋሉ። አንድ ምሳሌ ሙሉውን እንጻፍ፦ ቫዮሊኖቹ በሱርዲን (በድምፅ ማለዘቢያ) ረጅም ድምፅ ይዘዋል፤ ሃርፑ በላያቸው ለ20 ሰከንድ ያህል በአንቺ ሆዬ ያንጠባጥባል። ሁለት ባር ቀድሞ የፔዳል ሥዕሉ ይመጣል። ከዚያ ሳጥኑ፤ በውስጡ ከመሃከለኛው ዶ ጀምሮ ሁለት ኦክታቭ የሚሞሉት ድምፆች ግንድ በሌላቸው ጥቁር ራሶች ይደረደራሉ። ሚ ሻርፕና ፋ፣ ሲ ሻርፕና ዶ ሁለቱም ይጻፉ፤ ድምፁ አንድ ቢሆንም አውታሩ ሁለት መሆኑን ተጫዋቹ የሚጠቀምበት ያኔ ነው። ከሳጥኑ በላይ «20 ሰከንድ ገደማ፤ በማንኛውም ቅደም ተከተል፤ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ድምፅ፤ ቋሚ ምት ሳይሰማ» ይባላል። ከሥር የድምፁ መጠን፦ ከፒያኒሲሞ (እጅግ ዝግ ያለ) ተነሥቶ ወደ ሜዞ ፒያኖ (በመጠኑ ዝግ ያለ)። ከሳጥኑ ወጥቶ እስከ ማብቂያው የሚዘልቅ ወፍራም መስመር፣ በመጨረሻው ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት፤ ቀስቱ የመሪው የእጅ ምልክት ነው።

ከቀስቱ አጠገብ ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትዘሉት አጭር ዓረፍተ ነገር አለ፦ ምልክቱ ሲመጣ ተጫዋቹ ምን ያድርግ? ወዲያው በመዳፉ ያፍን? መጫወቱን አቁሞ ድምፁን እስኪጠፋ ይልቀቀው? የጀመረውን ሐረግ ይጨርስ? ሃርፕ አውታሩ ካልታፈነ በራሱ አይቆምም፤ ወፍራሞቹ ለብዙ ሰከንዶች ያስተጋባሉ። ሳይጻፍ ከቀረ የሃርፑ ጅራት በሚቀጥለው የክላሪኔት ሶሎ ላይ ይጎተታል፤ መሪውም ልምምዱን ያቆማል።

ሌላው የመውጫው ጣጣ ፔዳል ነው። በሳጥኑ ውስጥ «ፔዳሎቹን እንደፈለጉ ይለውጡ» ካላችሁ፣ ሲወጣ እግሩ የት እንዳለ ከተጫዋቹ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው የተጻፈ ባር ላይ የተለወጠውን ፔዳል ብቻ ሳይሆን ሰባቱንም የያዘ ሙሉ ሥዕል አድርጉ፤ ሰባቱንም ለማስተካከል የሚበቃ እረፍትም ጨምሩ። አውታሩ እየጮኸ ፔዳል ከተነካ ከላይ ያለው፣ አውታሩን ይዞ የሚያሳጥረው ተሽከርካሪ ዲስክ የሚንቀጠቀጠውን አውታር ይነካውና ጥርት ያለ ዝዝዝታ ይወጣል። በቀጭኖቹ ላይ እምብዛም አይታወቅም፤ በወፍራሞቹ ላይ ግን እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል።

ይኸው ዝዝታ ሆን ተብሎ ሲፈለግ ግን ውድ ቀለም ነው። ፔዳሉን በሁለት ቦታ መካከል ለዘብ አድርጎ በማቆም ይገኛል። በገና ላይ በአውታሩና በመቋሚያው መካከል የሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራው፣ የሚያወጣውን ንዝረት በኦርኬስትራ ውስጥ ለምትሹ የሚቀርባችሁ ይህ ነው፤ ሌላው መንገድ በመሃከለኛ አውታሮች መካከል የወረቀት ጥብጣብ እየተሻገረ እንዲገባ ማድረግ ነው። የወረቀቱ ንዝረት ከእንዚራው ይልቅ የሳሳና የሚንኮሻኮሽ ነው፤ ጥቅሙ የሚገኘው ከወረቀቱ ጋር የተያያዙት አውታሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ባሕርይ ስላላቸው ነው። ለማስገባት ቢያንስ 10 ሰከንድ፣ ለማውጣት ደግሞ ከዚያ ያነሰ እረፍት ስጡ። የግማሽ ፔዳሉ ውጤት ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያልና ትክክለኛ ድምፅ አትጠብቁበት፤ «የሚዝዝ» የሚል ቃልና የፔዳሉን ስም ጻፉ፤ ልኩን ለተጫዋቹ ተዉለት።

ፔዳል ማንሸራተት ሌላ ነው። አንዴ ተነክቶ እየጮኸ ያለው አውታር በፔዳሉ ግማሽ ወይም አንድ ሙሉ ቶን ይወጣል ወይም ይወርዳል። መነሻውን ኖታ በሙሉ ራስ፣ መድረሻውን በቅንፍ፣ በመካከላቸው መስመር አድርጉ፤ መድረሻው እንደ አዲስ ኖታ ከተጻፈ ተጫዋቹ ይነካዋል። በአብዛኞቹ ሃርፖች ላይ ከሁሉ በታች ያሉት ዶ እና ሬ ዲስክ የላቸውም፤ ፔዳሉ አይነካቸውም። የሚያምረውን ጥልቅ ማንሸራተት እዚያ ላይ የጻፈ ሰው የሚያገኘው ዝም ያለ እግር ነው። ከሚ ጀምሮ ወደ ላይ ጻፉት።

ነጎድጓድ የምንለው በታች ባሉት የብረት አውታሮች ላይ ነው፤ ከዶ እስከ ሶል 12 ያህል ናቸው። እጅ በኃይል ሲጠርጋቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ። ድምፁ የተለየ ቃና ስለሌለው ራሱን በኤክስ ጻፉ፤ የሚያስፈልገው አቅጣጫና ማፈኛ ቦታ ብቻ ነው። በእነዚሁ አውታሮች ላይ መዳፍን በርዝመታቸው ማሸት ፉጨት የመሰለ ሽውታ ይሰጣል፤ ሽቦ የተጠመጠመበት ስለሆነ ነው የሚሠራው። በአንጀት ወይም በናይለን አውታር ላይ ያንን ማዘዝ ትርጉም የለውም። የሃርፕ ተጫዋቹና አቀናባሪው ካርሎስ ሳልሴዶ በ1921 እ.ኤ.አ. በወጣው የማስተማሪያ መጽሐፉ ለእንዲህ ያሉ ድምፆች ምልክትና ስም ሰጥቷል፤ ዛሬም ብዙ ተጫዋች ያውቃቸዋል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት አልወጣም። ምልክቱ መጀመሪያ በሚታይበት ቦታ አንድ መስመር ማብራሪያ ይኑር።

የሃርፑን አካል፣ አውታሮቹ የተተከሉበትን የድምፅ ሳንቃ፣ መምታት ሲያስፈልግ በጣት ጫፍ ወይም በመዳፍ በሉ። ዱላ፣ ቀለበት ወይም ጥፍር ያለበት ትእዛዝ እምቢ ይባላል፤ ያ ሳንቃ ስስ ነው፤ የአውታሮቹንም ጉተታ ይሸከማል።

ስለ ሚዛን ደግሞ አንድ ነገር። ኮምፒውተሩ ሲያጫውታችሁ ሃርፑ ከትራምፔቶቹ በላይ ይሰማል፤ በእውነተኛ አዳራሽ ግን በፎርቲሲሞ ቱቲ (መላው ኦርኬስትራ በኃይል ሲጫወት) ውስጥ አራት ኦክታቭ ግሊሳንዶ የሚታየው ከተጫዋቹ እጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሽውታውና የወረቀቱ ንዝረት ከዚያም ይብሳሉ፤ ጥቂት ቫዮላዎች ዝግ ብለው የያዙት ረጅም ድምፅ እንኳ ይውጣቸዋል። ፈጠራውን የምትፈልጉት በእርግጥ እንዲሰማ ከሆነ ዙሪያውን አሳሱት። ሁለተኛ ሃርፕ መጨመር በጥቂቱ ይረዳል፤ ሁለቱ ግን ያንኑ ሳጥን በአንድ ጊዜ ከያዙ ነጠላው ድምፅ ይጠፋና ደመና ይሆናል። ደመናውን ካልፈለጋችሁ አንዱ ሌላው ሲያርፍ ይግባ። ኮምፒውተሩ የማይችለውንም ሁሉ እሺ ብሎ ይጫወታል፦ ክሮማቲክ (በየግማሽ ቶኑ የሚያልፍ) ግሊሳንዶ፣ በአንድ እጅ ባለ አምስት ድምፅ ኮርድ። በሃርፕ ላይ ትንሿ ጣት አትሠራም፤ በአንድ እጅ አራት ድምፅ ነው ጣሪያው።

ለቅንብር መምህራን የምንጠይቀው ከዚህ ጠባብ ነው። ተማሪ የሃርፕ ፓርት ይዞ ሲመጣ ሰባት ፔዳሎችን በወረቀት ላይ ሥሎ፣ ከመጀመሪያው ባር ጀምሮ እያንዳንዱን ለውጥ በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው ይሂድ። ሁለት የግራ እግር ለውጥ በአንድ ምት ላይ ሲጋጩ ያኔውኑ ያየዋል። ለመሪዎች የሚሄደው ስኮርም ከፓርቱ ጋር አንድ ዓይነት የሳጥን ቁጥር ይኑረው፤ «ሳጥን 3 ላይ» ሲባል ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ይመልከቱ። ገጽ መገልበጫውን ደግሞ በሳጥን መሃል አታድርጉት፤ ሁለት እጅና ሁለት እግር ሥራ ላይ ናቸው።

ፓርቱን ከመጀመሪያው ልምምድ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ላኩ። የፔዳል ሥዕሎቹን እርግጠኛ ካልሆናችሁባቸው ባዶ ትታችሁ የሚፈለጉትን ድምፆች በቃል ጻፉ፤ እኛ እንሞላቸዋለን፤ የሞላነውንም ወደ ስኮሩ እንድታስገቡት መልሰን እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር
ለኦርኬስትራ ሃርፕ የምንጫወትና ፓርት የምናዘጋጅ